ቀርነ ሰማይ ያልደረሰው ጨው

የጨው በዓል በዋለበት ቀን፣ በሌማር ንግሥት በሄላቤ ትከሻ ላይ የነበረው ካባ አለቀሰ። ንግሥቲቱ አለቀሰች አላልኩም፤ ካባው ነው ያለቀሰው። በዙፋኑ ዙሪያ የቆሙት መኳንንት ጣሪያው ያፈሰሰ መስሏቸው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ጣሪያው ደረቅ ነበር። ከካባው ክር ሁሉ ጫፍ እንባ የመሰለ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወርዶ ምንጣፉን አራሰው፤ ንግሥቲቱም ፊቷን ሳትለውጥ ተነሥታ ወደ እልፍኟ ገባች።

ይህ ካባ እንደ ሌላው ካባ አልነበረም። የተፈተለው ከሉባር በጎች ጸጉር ነው። የሉባር በጎች ከሌማር ምድር በቀር የትም አይገኙም፤ ቁመታቸው አጭር፣ ላታቸው ሰፊ፣ ቀንዳቸው አራት፣ ጸጉራቸውም ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ነው። ከእነሱ ጸጉር የተሠራውን ካባ ጦር አይበሳውም፣ ሰይፍም አይቆርጠውም። ሆኖም በየዓመቱ አዲስ ክር ካልገባበት ኃይሉ ይጠፋና ተራ ጨርቅ ይሆናል። የጋድራ ነገሥታት ሌማርን ሲመኟት ኖረው ያልደፈሯት ይህን ካባ ፈርተው ነው። በጎቹ ካለቁ ሌማርም አለቀላት ማለት ነበር።

ካባው ባለቀሰ በሳምንቱ በጎቹ ማልቀስ ጀመሩ። ዐይናቸው አነባ፣ አፍንጫቸው ተዝረከረከ፣ ሰውነታቸው በትኩሳት ጋለ። ከዚያም በአፋቸው ዙሪያና በብብታቸው ፈንጣጣ የመሰለ እብጠት ወጣባቸው። ግልገሎቹ ቀድመው ሞቱ፤ እናቶቻቸው ተከተሉ። በሽታው ከየት እንደመጣ ያየ አልነበረም። የሚያደርገው ሁሉ ይታያል፣ እሱ ራሱ ግን አይታይም። ሰውም የማይታየውን መጠርጠር ስለማይሆንለት የሚታየውን ሰው መጠርጠር ጀመረ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የንግሥቲቱ የበጎች አለቃ ሳርዶን ሆነ። በጎቹ በእጁ ነበሩ፣ በእጁም ሞቱ ተባለና በሰንሰለት ታስሮ ከግንቡ ሥር ተጣለ። ሳርዶን ያለ እናት ያሳደጋት ናሂል የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ከአባቷ ሌላ ማንም ስለሌላት፣ ማንም ሳያስጠራት በጠባቂዎቹ መካከል ተሹለክልካ ንግሥቲቱ ፊት ተደፋች።

በዚያ ሰዓት ሊቀ ጨው ኦርኔል፣ የመቅደሱ የጨው ድንጋይ ጠባቂ፣ ምክሩን እየሰጠ ነበር።

«ግርማዊት ሆይ! ይህ የክፉ ዐይን ሥራ ነው። በአገራችን የተሸሸገ ጠንቋይ አለ። አባቶቻችን የተዉልን የጨው ድንጋይ ከመቅደሱ ይውጣ። በየመንደሩ የተረፉት በጎች ሁሉ ይላሱት። በመጨረሻም ቀርነ ሰማይ ተራራ ይድረስ፤ እዚያ ያለው መንጋ ገና አልተነካምና። የሚሸከመው ግን ከእረኛ ወገን የተወለደ መሆን አለበት።»

«እኔ እሸከመዋለሁ!» አለች ናሂል ከተደፋችበት ሳትነሣ።

ንግሥቲቱ ወደ ልጅቱ ዘወር አለች። «ተሸከሚው» አለቻት። «የቀርነ ሰማይ መንጋ እስከ ጥቢ በሕይወት ከቆየ አባትሽ በነጻ ይወጣል። መንጋው ካለቀ ግን አንገቱ ይቀላል። ደግሞ አምኜሽ የምልክሽ እንዳይመስልሽ፤ የአባትሽ ልጅ ነሽ። ስለዚህ ጋሻ ጃግሬዬ ጎርማን ከኋላሽ ይሄዳል።»

የጨው ድንጋዩ ከመቅደሱ ሲወጣ ናሂል መዳፏን በላዩ አድርጋ ማለች። «ይህን ጨው ቀርነ ሰማይ ሳላደርስ ብቀር፣ ስሜ ከሰው ሁሉ አፍ ይጥፋ!» በሌማር ይህ መሐላ ለወጉ የሚባል አይደለም። በጨው ምሎ የካደን ሰው ማንም፣ የወለደችው እናት እንኳ፣ በስሙ ሊጠራው አይችልም። እንዲህ የሆነባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ማን ማን እንደነበሩ ግን፣ እንግዲህ፣ ማን ይናገር?

ኦርኔልም የድንጋዩ ጠባቂ ነውና አብሯቸው ወጣ፤ ሦስቱ ተጓዙ። ድንጋዩ የእንጀራ ምጣድ ያህል ከባድ ባይሆንም የናሂልን ትከሻ ልጦታል። የተጠቀለለበት ጨርቅ ደግሞ በየመንደሩ ይወፍር ነበር። ወጉ እንዲህ ነው። ድንጋዩ መንደር ሲደርስ በጎቹ ተራ በተራ ይልሱታል፤ ከዚያ ቀድማ ከላሰችው በግ ላይ አንድ ጉንጉን ጸጉር ተቆርጦ በጥቅሉ ላይ ይታሰራል። የበረከት ጉንጉን ይሉታል። የአንዱ መንደር በረከት ወደ ሌላው ይሻገር ዘንድ ነው። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፣ ናሂልም የአባቷ አንገት ከሰይፍ ትንሽ የራቀ እየመሰላት ወደሚቀጥለው መንደር ትሄዳለች።

ከኋላቸው ግን የሚደርሳቸው ወሬ ደስ አይልም ነበር። ትናንት እልል ብሎ የሸኛቸው መንደር ዛሬ በጎቹን ይቀብራል። ሾርካ የሚባለው፣ የሰው ሳቅ የመሰለ ድምፅ ያለው፣ ሞትን ከሩቅ የሚያሸት ጥቁር ወፍ በሰማይ ይከተላቸው ጀመር። ጎርማን ቀና ብሎ እያየው «የጠንቋዩ ሰላይ ነው» ይላል። ወፉ ከመንደሮቹ በላይ ሳይሆን ሁልጊዜ ከእነሱ በላይ እንደሚያንዣብብ ናሂል አስተውላለች። አስተውላም ሌሎቹን ሁለቱን ጠረጠረች።

ለመጠርጠር ምክንያት አላጣችም። ኦርኔል በየማለዳው ጥቅሉን ይዞ ከድንጋይ ጀርባ ብቻውን ይቆያል። ምን ይቀባው ይሆን? ጎርማን ደግሞ እናቱ ከጋድራ ነች ይባላል፤ ሲተኛም በማታውቀው ቋንቋ ያወራል። ጎርማን በበኩሉ ኦርኔል የቀመሰውን ውሃ ካልሆነ አይጠጣም። ኦርኔልም ናሂልን በጎን ያያታል። በአንድ ማዕድ ቀርበው ሦስቱም አንዱ የሌላውን እጅ እየተከታተሉ ይበላሉ። እንዲህ ተበልቶ የሚጠግብ ሰው አላየሁም።

በጉምሩ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ግርንቦች ወጡባቸው። ግርንብ ቆዳው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ተኩላ ነው። ጎርማን እየፎከረ መሐላቸው ገባና ጦሩን በአፋቸው እየሰደደ ጣላቸው፤ አንዱ ግን አምልጦ የኦርኔልን ባት ነከሰው። ናሂል ድንጋዩን ጥላ፣ የኦርኔልን እግር በነጠላዋ አሰረች። ያን ዕለት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያህል ጥርጣሬው ቀለል ብሎላቸው ነበር። ጥርስ ያለው ጠላት ምንኛ ጥሩ ነው! የት እንዳለ ይታወቃል። ማግስቱን ግን ሾርካው ሲስቅ ሰሙት፤ እንደገናም አንዱ ሌላውን ማየት ጀመረ።

ማርዛ ሸለቆ ሲደርሱ በሽታው ቀድሟቸው ነበር፤ ዙሪያውን ያሉት መንደሮች ከታች ካሉት ጋር ጨው ተላልሰው፣ ጉንጉንም ተለዋውጠው ኖሯል። በረቶቹ ባዶ ነበሩ። ከሸለቆው በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለችው አንዲት ጎጆ ግን የግልገል ድምፅ ይሰማል።

የጎርማን ዐይን በራ። «አገኘናት! ሁሉም ሲያልቅ የእሷ ብቻ ለምን ይተርፋል? ጠንቋይዋ ይህች ናት።»

የጎጆዋ ባለቤት እመት ዱርሴ አጥሯ ላይ ወጥታ፣ ወንጭፏን አዘጋጅታ ትጠብቃቸው ነበር። ኦርኔል እያነከሰ ቀርቦ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እመት ዱርሴ ሆይ! የአባቶችሽን ጨው ተቀበዪ!»

«አባቶቼ ጨው ካማራቸው ራሳቸው ይምጡና ይላሱት!» አለች ዱርሴ። «እኔ ከማላውቀው ሰው እጅ እንኳን በጌ፣ እኔም አልልስ! ወግዱ!» የወንጭፏ ድንጋይም ከኦርኔል ጆሮ አጠገብ እያፏጨ አለፈ።

ጎርማን እዚያው ሊወጋት ፈለገ፤ ኦርኔል ግን ጠንቋይ ሳይመሰከርበት አይገደልም ብሎ ከለከለው። ምስክሩን ናሂል ልታመጣ ወሰነች። ከሰዓት በኋላ ዱርሴ ወደ ምንጭ ስትወርድ ጠብቃ በጓሮ በኩል አጥሩን ዘለለች። የተቀበረ ነገር ፈለገች፣ የታሰረ ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። በረቱ ውስጥ በጎች ብቻ ነበሩ፤ ዐይናቸው ጥርት ያለ፣ ላታቸው የሚወዛወዝ። አንዲት እናት በግ ቀርባ እጇን አሸተተቻት። ናሂል ጤነኛ ሉባር ካቀፈች ስንት ጊዜዋ! ተንበርክካ በጓን አቀፈቻት፤ ፊቷን በጸጉሯ ውስጥ ቀብራ፣ አባቷ የታሰረ ቀን ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

«ምን ልትሰርቂ ገባሽ?»

ዱርሴ እንስራዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማለች።

«ልሰርቅ አይደለም፣ እማማ። ምን እያደረጉላቸው እንደተረፉ ላይ ብዬ ነው።»

«ምን አደርግላቸዋለሁ? ውሃ አጠጣቸዋለሁ፣ እሰድባቸዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ተረፉ?»

«እኔ ምን አውቄ! በድንበር ከጎረቤት ተጣልቼ ከሰው ከተቆራረጥኩ ቆየሁ። በጌ ከማንም በግ ጋር አይውል፣ የማንም በግ እኔ ግቢ አይረግጥ። የጨው በዓልም አልሄድኩ፤ ሲያሙኝ ልስማ ብዬ ነው የምሄደው? በይ አሁን እጅሽን ከበጌ ላይ አንሺና ውጪልኝ።»

ናሂል ወጣች። የሰማችው ነገር በሆዷ ተቀመጠ፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልለየችውም። የኦርኔል ቁስል ስላመረቀዘ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ተክለው ሰነበቱ። ሾርካው ከዱርሴ ጎጆ ጣሪያ ይልቅ የእነሱን ድንኳን መረጠ።

ከዕለታት በአንዱ ጠዋት ዱርሴ ከአፋፉ ላይ ጮኸች። «አንቺ ልጅ! ነይ እዪልኝ! ምን ይዘሽብኝ መጣሽ?»

ናሂል እየሮጠች ወጣች። ያቀፈቻት በግ ከጥግ ቆማ ዐይኗ ያነባል። አጠገቧ ግልገሏ ተኝቷል። ሌሎቹ ደህና ነበሩ። ናሂል እጇን አየች፤ ቀሚሷን አየች። ቀሚሷ ላይ ከየመንደሩ ጉንጉን የተራገፈ ጸጉር ተጣብቋል። ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባት። ከማርዛ በቀር በደረሱበት መንደር ሁሉ በጎቹ ደህና ሆነው ይጠብቋቸው ነበር። የታመሙት እነሱ ካለፉ በኋላ ነው። ድንጋዩን የሞተችውም የምትሞተውም ልሳዋለች፤ ጉንጉኑም ከሞተችው ጸጉር ላይ የተቆረጠ ነው። እልል እያሉ የተቀበሏት ሴቶች ፊት ታያት። መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

ዱርሴ እያለቀሰችና እየተሳደበች እናቲቱንና ግልገሉን ለይታ አረደች፤ ከተኙበት ገለባ ጋር አቃጠለቻቸው። ከዚያ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ «ጠንቋይ ፍለጋ ነው አሉ የመጣችሁት» አለቻት። «እንግዲህ ሌላ አትፈልጉ። ከእናንተው ጋር ነው የመጣችው።»

ናሂል ለሁለቱ ነገረቻቸው። ጎርማን ጦሩን አነሣ። «አሮጊቷ አስማት አድርጋባታለች! ነገ ማለዳ እንነሣለን። ድንጋዩን የማትሸከሚ ከሆነ አስሬሽ እወስድሻለሁ።» ናሂል ብትቀር እነሱ እንደሚሄዱ ስላወቀች፣ ማለዳ ድንጋዩን ራሷ ተሸከመች።

በዳገቱ ላይ ኦርኔል በምርኩዙ እየተደገፈ አጠገቧ ሄደ።

«አባ፣ እርስዎም ጠርጥረዋል» አለችው በሹክሹክታ። «በየማለዳው ጥቅሉን ይዘው ምን ያደርጋሉ?»

«አሸተዋለሁ» አለ ኦርኔል። «የመግል ሽታ አለው። ከጀመርን ብዙም ሳንርቅ ነው ያሸተትኩት። ግን ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጨው አገልጋይ ነኝ። እሱን ከጠረጠርኩ እኔ ማን ሆኜ እቀራለሁ?» እንዲህ እያሉ ከተራራው ፊት ለፊት ደረሱ።

የቀርነ ሰማይ ተራራ ከቀረው ምድር የሚገናኘው በሐንቃ ገደል ላይ በተዘረጋ አንድ የገመድ ድልድይ ብቻ ነው። ከገደሉ በታች የሚፈሰው ወንዝ ሰውም በግም ወደማይኖርበት በረሃ ይወርዳል። በማዶ የተራራው እረኞች በጎቻቸውን በአበባ አስጊጠው፣ መንጋውን ሁሉ እስከ ድልድዩ አፍ ነድተው ቆመዋል። ዜናዋን ሰምተው ዘፈን አውጥተውላታል።

«ናሂል መጣች፣ ናሂል! ጨው ይዛ መጣች፣ ናሂል!»

ናሂል እንደ ወጉ ቀድማ ድልድዩ ላይ ወጣች። መሐል ላይ ስትደርስ ቆመችና ጥቅሉን ከጀርባዋ አወረደች።

«የቀርነ ሰማይ እረኞች ሆይ! ስሙኝ! ይህ ጨው ባለፈበት ሁሉ ሞት ተከትሎታል። የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ የገደልኩትም እኔ ነኝ። በጎቻችሁን መልሳችሁ ንዱ! ከእኛ ወገን ማንም እንዳይሻገር፣ ከእናንተም ማንም እንዳይወርድ!»

ዘፈኑ ተቋረጠ። «በረከታችንን ልትሰርቀን ነው!» የሚል ድምፅ ከማዶ ተነሣ። «ስንት ተቀብላ ነው? ማነው የላካት?» አንዳንዶቹ ድንጋይ አነሡ፤ አንዱ ወጣት ጨውን ሊነጥቃት ወደ ድልድዩ ተንደረደረ።

ከኋላዋ ጎርማን ጦሩን አነጣጠረ። «በንግሥቲቱ ስም! ብትጥይው እወጋሻለሁ!»

«ልጄ» አለ ኦርኔል፣ ድምፁ ተቆራርጦ። «ስምሽ ይጠፋል። አባትሽም አይጠራሽም።»

ይህን አላሰበችው አይደለም፤ ከማርዛ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም። አባቷ ከመስክ ሲመለስ ገና ከሩቅ ስሟን ነበር የሚጣራው። ሌላ ሰው ሲጠራት ስም ብቻ ነው፤ እሱ ሲጠራት ግን ቤት ማለት ነበር። መስማት የምትወደው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። በጎቹ ካለቁ ደግሞ የሚጠራበት አንገትም አይኖረውም።

«አውቃለሁ፣ አባ» አለችና ጥቅሉን ከነድንጋዩ ወደ ገደሉ ወረወረችው።

ሲወድቅ አልተሰማም፤ ገደሉ ጥልቅ ነበር። ወጣቱ ባለበት ቆመ። ጎርማን ጦሩን እንደያዘ ስሟን ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «አንቺ… አንቺ…» አለ። ማንን ሊወጋ እንደነበር ግራ የገባው ሰው ይመስል ክንዱ ቀስ እያለ ወረደ። በማዶ አንዲት ትንሽ ልጅ ምንም ሳይገባት ዘፈኑን እንደገና ጀመረችው። «መጣች… ጨው ይዛ መጣች…» በስሟ ቦታ ላይ ዝምታ ብቻ ነበር። ልጅቱ ፈርታ አለቀሰች።

እስካሁን ናሂል እያልኩ የተረክሁላችሁ፣ ስም በሌለው ሰው ተረት አይሄድልኝም ብዬ ከራሴ ያወጣሁት ነው። እውነተኛ ስሟን እኔም አላውቀውም። አውቀዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ስም አልባዋ ልጅ ወደ ኋላ ተመልሳ ድልድዩን ስትወርድ ኦርኔል ቢላዋውን አወጣ። የጎርማንን ዐይን እያየ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቆረጣቸው፤ ጎርማንም አልከለከለውም። «አሁን ብትሄድና ለንግሥቲቱ ያየኸውን ብትነግራት ይሻላል» አለው ኦርኔል። «የሚታመን ከእኛ መሐል አንተ ብቻ ነህ።» ከማዶ የተራራው ሰዎች እስከሚመሽ ተራገሙ።

ልጅቱ ልብሷን አቃጥላ፣ በወንዝ ውሃ ታጥባ፣ ከዱርሴ በተሰጣት አሮጌ ቀሚስ ሌማርን ዞረች። በሩቅ ቆማ «ጉንጉን አትቁረጡ! በጎቻችሁን አታገናኙ! እንግዳ አታስገቡ፣ እኔንም ጭምር!» ትላለች። ደግ ሰዎች ተቆጧት፤ እንዲህ ያለ ክፋት ከየት ተማርሽ አሏት። ማንነቷን ሲጠይቋት ግን የምትነግራቸው ስም የላትም፤ ስም የሌለው ሰው ደግሞ ያስፈራል፣ ስለዚህ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት በራቸውን ይዘጉ ነበር። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። በሽታው የሚሻገርበት አጣ። የቀሩት በጎች ቀሩ።

ጥቢ ሲገባ በቀርነ ሰማይ ግልገሎች ተወለዱ። ከተራራው ጸጉር በገመድ ተንጠልጥሎ ወረደና ተፈትሎ ከካባው ጋር ተሸመነ፤ ካባውም ደረቀ። ጎርማን ንግሥቲቱ ፊት ቆሞ ሁሉን ተናገረ። ሄላቤም አዘነች ወይስ ተቆጣች ሳይታወቅባት «ቃሌ ቃል ነው» አለች። «ሳርዶን ይፈታ። ያቺን… ያቺን ልጅ ግን ከዐይናችሁ አታርቋት። በጨው ምላ የካደች፣ በምን ትታመናለች?»

በግንቡ በር ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ልጅቱ ከመሐላቸው ስትቆም ግራና ቀኙ ሸሽቶ ዙሪያዋ ባዶ ሆነ። ሳርዶን ከስቶ፣ ዐይኑን ከፀሐይ እየጋረደ ወጣ። ገና ከሩቅ አያት። እንደ ልማዱ ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። እየተንገዳገደ መጥቶ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጠፋኝ» አላት። «ልጄ፣ ስምሽ ጠፋኝ። ያወጣሁልሽ እኔ ነበርኩ እኮ።»

ሰው ሁሉ የጠየቃትን እሱ አልጠየቃትም። ምን አደረግሽ አላላትም፣ ማን ላከሽ አላላትም።

«ሌላ ያውጡልኝ፣ አባባ» አለችው።

እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ እንባው ጺሙን እያራሰው፣ አሰበና አወጣላት። ሲመሽ ግን ያም ስም ከአፉ ጠፋ። በማግስቱ ሌላ አወጣላት፤ እሱም ከጀምበር አላለፈም። ሳርዶን እስከሞተበት ቀን ድረስ በየማለዳው እየተነሣ ለልጁ አዲስ ስም ያወጣ ነበር ይባላል፤ እሷም በየቀኑ፣ የወጣላትን ስም ጠርቶ ሳይጨርሰው፣ አቤት ትለው ነበር።